ዝም ሲባል የሚከፈል፣ ዝም ሲባል የሚቆም

ባለፈው ጥቅምት ታላቅ እህቴ ከሜሪላንድ ስትደውል የጡረታ ገንዘቧ እንደ ልማዱ በወሩ ሦስተኛ ረቡዕ ባንክ ገብቶላት ነበር። እዚያው ቤት አብሯት የሚኖረው ልጇ ግን የዚያው መንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ደመወዙ ተቋርጦ ቤት ውሏል። አንድ ቤት፣ አንድ መንግሥት፣ አንድ ግምጃ ቤት፤ ለእናት ይከፈላል፣ ለልጅ አይከፈልም። እህቴ ነገሩን በራሷ መንገድ ትፈታዋለች፤ «እኔ ሠርቼ ጨርሻለሁ፣ እሱ ገና ነው» ትላለች። ልጇ ደግሞ «አክስቴ፣ እዚህ አገር ሽማግሌ ነው ድምፅ የሚሰጠው፤ ለዚያ ነው የሚፈሩት» ይለኛል። ሁለቱም ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል። ዋናውን ግን አልነኩትም። እኔ ደግሞ የሥራ ዘመኔን በበጀት ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ነገር በጆሮዬ ሲያልፍ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቡና ስንጠጣ ወሬውን አነሳሁት። ከታች ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር ወዲያው ፍርዳቸውን ሰጡ፤ «በቃ፣ አሜሪካም ገንዘብ አለቀባት!» ደስ ያላቸውም ይመስላሉ። ገንዘብ አላለቀባትም፤ ያጣችው ሕግ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከመስከረም 21 እስከ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ለ43 ቀናት በከፊል ተዘግቶ ቆየ። እስከዚያ ጊዜ ከተመዘገቡት መዘጋቶች ረጅሙ ይኸው ነበር፤ ከእሱ በፊት የነበረው ረጅሙ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የጀመረው የ35 ቀኑ ነበር። በእነዚያ 43 ቀናት ግምጃ ቤቱ ለጡረተኛው፣ ለሆስፒታሉ፣ ለቦንድ ባለቤቱ ያለ ማቋረጥ ሲከፍል ነበር። የቆመው በዋናነት የእህቴ ልጅና የመሰሎቹ ክፍያ ነው።

ሕገ መንግሥታቸው በሕግ ካልተፈቀደ በስተቀር ከግምጃ ቤት አንድም ሳንቲም አይወጣም ይላል። ሕጉ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዕድሜው አንድ ዓመት ነው። ኮንግረሱ በየዓመቱ የበጀት ዓመታቸው ከሚጀምርበት ከኦክቶበር 1 በፊት አሥራ ሁለት የበጀት ሕጎችን ማጽደቅ ይጠበቅበታል። መከላከያው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ብሔራዊ ፓርኩ፣ የጠፈር ምርምሩ፣ የውጭ ዕርዳታው፣ የእህቴ ልጅ ደመወዝ፣ ሁሉም ከእነዚህ አሥራ ሁለት ውስጥ ነው የሚወጣው። ይህን በየዓመቱ በውሳኔ የሚመደብ ወጪ እንበለው። ሁለተኛው ዓይነት ሕግ ማብቂያ ቀን የለውም። «ይህን መስፈርት ያሟላ ሁሉ ይህን ያህል ይከፈለው» ይልና ያበቃል። ስንት ሰው እንደሚያሟላ አይወስንም፤ ጣሪያ አያስቀምጥም። ጡረታው እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ፣ የአዛውንቱና የድሃው ሕክምና ከ1965 ጀምሮ በዚህ መንገድ ይሄዳል። የዕዳ ወለድም እንዲሁ። ይህ ነው አስገዳጅ የሚባለው ወጪ።

ለመምህሩ በዕድራችን አስረዳኋቸው። መተዳደሪያ ደንባችን ሐዘን ለደረሰበት አባል የሚሰጠውን ገንዘብ ቆርጦ አስቀምጦታል። ለቅሶ በተሰማ ዕለት ዳኛው ስብሰባ አይጠራም፤ ገንዘብ ያዡ አውጥቶ ይሰጣል። በአንድ ወር ሦስት ቤት ቢደርስ ለሦስቱም ይሰጣል፤ «የዚህ ወር ሞልቷል» የሚባል ነገር የለም። አዲስ ድንኳን ለመግዛት ግን ጠቅላላ ጉባኤ መጠራት አለበት፤ ጉባኤው ካልሞላ ድንኳኑ አይገዛም። በክረምት ለቅሶ ላይ ውሃ አናታችን ላይ ሲወርድብን የድንኳኑን ጥቅም የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም። አልተገዛም እንጂ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አስገዳጅ» ሲባል የግድ የሚያስፈልግ፣ ሌላው ደግሞ ቢቀር ግድ የማይሰጥ ይመስለዋል። የአሜሪካ መከላከያ ሠራዊት በየዓመቱ በውሳኔ ከሚመደበው ወገን ነው፤ እንዲያውም ግማሽ የሚጠጋውን የሚወስደው እሱ ነው። የአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪውም እዚያው ነው፤ በመዘጋቱ ጊዜ ያለ ደመወዝ ሲሠራ ነበር። ጥቅማቸውን የሚጠራጠር የለም። መለያው ሌላ ነው፤ ማንም ምንም ባያደርግ ምን ይሆናል? አስገዳጁ ዝም ሲባል ይከፈላል፤ ለማስቆም ሕግ መለወጥ ያስፈልጋል። ሌላው ዝም ሲባል ይቆማል፤ ለማስቀጠል ሕግ ማውጣት ያስፈልጋል። ፖለቲከኞች የማይስማሙበት ዘመን ሲመጣ ደግሞ ዝምታ በሽ በሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የበጀት ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት 6.8 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። አስገዳጁ 4.1 ትሪሊዮን ነበር፤ ጡረታው ብቻውን አንድ ትሪሊዮን ተኩል ይጠጋል። የዕዳ ወለዱ 880 ቢሊዮን ገደማ ሲሆን በዚያ ዓመት ከመከላከያው በልጧል። ኮንግረሱ ሲጨቃጨቅበት፣ ሌሊት ሲያድርበት፣ ቢሮ ሲያዘጋበት የሚከርመው ቀሪው 1.8 ትሪሊዮን ነው፤ ከአራት እጅ አንዱ። እ.ኤ.አ. በ1962 ግን ሁለት ሦስተኛው በየዓመቱ የሚወሰን ነበር። የዛሬ ስልሳ ዓመት የነበረው ተመራጭ ከመቶ ብር ስልሳ ሰባቱን ይመድብ ነበር፤ የዛሬው ሃያ ስድስቱን ይዞ ይደባደባል። ቀሪውን ከእሱ በፊት የነበሩት፣ አብዛኞቹም በሕይወት የሌሉ ሰዎች፣ መድበውለታል።

በወር በወር የሚከፈለውን ጡረታ መጀመሪያ የተቀበለችው አይዳ ሜይ ፉለር የምትባል የቬርሞንት ሴት ናት። ጃንዋሪ 1940 የተጻፈላት የመጀመሪያ ቼክ 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነበር። ሴትዮዋ ሥርዓቱ ከተጀመረ በኋላ ለሦስት ዓመት ብቻ ነው ያዋጣችው፤ በጠቅላላው 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም። ከዚያ መቶ ዓመት ሞላት! ስትሞት 22,888 ዶላር ከ92 ሳንቲም ተቀብላ ነበር። ይህን ለእህቴ ስነግራት ስልኩን ይዛ እስኪያስላት ሳቀች፤ «እኔም እንደሷ ያድርገኝ» አለች። ያድርጋት። እሷ ግን ሦስት ዓመት አይደለም የሠራችው። በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት እየሠራች፣ ለጡረታ የሚያበቃውን አሥር ዓመት ሞልታ አልፋ፣ ጉልበቷ እስኪደክም ቆይታለች። የእኛም የጡረታ ሕግ ዝቅተኛው አገልግሎት አሥር ዓመት መሆኑን ስነግራት «ታዲያ ምን ለያየን?» አለችኝ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

የእህቴን ልጅ ቤት ያስቀመጠው ሕግ ከአያቶቹ አያቶች ዘመን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 የወጣው ሕግ ኮንግረስ ያልመደበውን ገንዘብ ማውጣትም ሆነ ግዴታ መግባት ይከለክላል። ሆኖም ለብዙ ዘመን በጀት ሲዘገይ ቢሮዎች ወጪያቸውን ቀነስ አድርገው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር፤ ይጸድቃል በሚል እምነት። በ1980 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቤንጃሚን ሲቪለቲ ሕጉ እንደተጻፈ ይፈጸም የሚል አስተያየት ሰጡ፤ በር መዝጋት የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ደመወዙ ጭራሽ አልቀረበትም፤ በ2019 የወጣ ሕግ ቢሮው ሲከፈት ውዝፉ እንዲከፈል ያዝዛል። እስከዚያው ግን የቤት ኪራይ ውዝፍ አያውቅም። የእናቱ ጡረታ ነው ቤቱን ያቆመው። በነገራችን ላይ የኮንግረስ አባላቱ የራሳቸው ደመወዝ ከየትኛው ወገን ነው? ከአስገዳጁ። በቋሚ ሕግ የተመደበ ስለሆነ መንግሥት ሲዘጋም ይከፈላል። ይህን ስሰማ አልተገረምኩም። በጀት የሠራ ሰው መጀመሪያ የራሱን መስመር ነው የሚያስተካክለው።

ድንበሩ ግን እንደማወራው የጠራ እንዳይመስላችሁ። 42 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚረዳበት የምግብ ድጋፋቸው በሕግ አስገዳጅ ነው፤ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ይገባዋል። ገንዘቡ ግን በየዓመቱ በሚወጣ የበጀት ሕግ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በመዘጋቱ ጊዜ በኖቬምበር ወር የመብቱ ሕግ በቦታው ቆሞ ገንዘቡ ተስተጓጎለ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተተ። አስገዳጅ ማለትም ዘላለማዊ ማለት አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1960 በሰጠው ውሳኔ፣ ጡረታ ያዋጣ ሰው በገንዘቡ ላይ እንደ ንብረት ያለ መብት የለውም፣ ኮንግረስ ሕጉን ሊለውጠው ይችላል ብሏል። በ1983ም ለውጠውታል፤ ሙሉ ጡረታ የሚገኝበትን ዕድሜ ከ65 ወደ 67 ቀስ በቀስ ከፍ አድርገውታል። ግን ለዚያ ሕግ ማውጣት፣ በአደባባይ እጅ ማውጣት፣ ለመራጩም መልስ መስጠት ነበረባቸው። የእህቴን ልጅ ደመወዝ ለማስቆም ግን እጅ ያወጣ የለም፤ ዝም ማለት በቂ ነበር።

የዚህ ሁሉ ነገር ጫፍ እኛ ሠፈርም ደርሷል። ሁለት ሕንፃ አለፍ ብላ የምትኖር ልጅ በአሜሪካ ዕርዳታ በሚንቀሳቀስ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ መረጃ መዝጋቢ ነበረች። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት በዚያው ዕለት የውጭ ዕርዳታ ለዘጠና ቀን እንዲታገድ አዘዙ። ከዚያ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የዕርዳታ ድርጅታቸውም (ዩኤስኤአይዲ) በ2025 ጁላይ መግቢያ ላይ ሥራውን አቆመ፤ በዚያው ወር ኮንግረሱ ቀድሞ ከመደበው ላይ ወደ ዘጠኝ ቢሊዮን ዶላር እንዲሰረዝ ተስማማ፤ አብዛኛው የውጭ ዕርዳታ ነው። ልጅቷ መጥታ «እትዬ፣ ሥራችን መጥፎ ነበር እንዴ? ሪፖርታችን እኮ ሁልጊዜ ይመሰገን ነበር» አለችኝ።

ምን ልበላት? ሪፖርታቸውን ያየው የለም። የውጭ ዕርዳታ ከጠቅላላ ወጪያቸው አንድ በመቶ ገደማ ነው። ዕዳ ልቀንስ ብሎ የተነሳ መንግሥት ወለዱን መንካት አይችልም፤ ጡረታውን ለመንካት ሕግ ይፈልጋል፣ ሕጉ ደግሞ ድምፅ ያስከፍላል፤ መከላከያውን መንካት አይፈልግም። የሚቀረው ቢላዋው ሥር ተኝቶ የሚገኘው ነው፤ እዚያም ውስጥ ቢሆን እዚያ አገር ድምፅ የማይሰጥ ሰው የሚበላው። በሕግ ተቀባይነት ያገኘ መብት ያለው ወገን ቢያንስ ክርክር ይደርሰዋል። ለእሷ የደረሳት ኢሜይል ነው። «መጥፎ አልነበራችሁም፤ በዓመት የምትታደሱ ነበራችሁ» አልኳት። አልተጽናናችም። ሲቪዋን አብረን አስተካከልን።

ወደ እኛ ልምጣ። በእኛ የፌዴራል በጀት አዋጅ ውስጥ አስገዳጁን በየዓመቱ ከሚወሰነው የሚለይ መስመር አታገኙም። ሐምሌ 1 የሚጀምረው በጀት መደበኛ ወጪ፣ የካፒታል ወጪ፣ ለክልሎች የሚሰጥ ድጋፍ እየተባለ ነው የሚከፈለው። የ2018ቱ ከ1.9 ትሪሊዮን ብር በላይ ነው፤ ከ2016ቱ ከ801 ቢሊዮን ብር ጋር ስታስተያዩት ራስ ያዞራል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ይጥላል። ግን ለማን፣ ስንት፣ መቼ የሚል የለውም፤ አንቀጽ 90 ደግሞ የሀገሪቱ አቅም የፈቀደውን ያህል ይላል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የሚኒስትሩ መኪና ነዳጅም፣ የነርሷ ደመወዝም በአንድ አዋጅ ውስጥ እኩል ተሰልፈው በአንድ ቀን እጅ ይወጣላቸዋል።

በተግባር ግን እኩል አይደሉም። ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ የማልረሳቸው የወጪ መደብ ቁጥሮች አሉ፤ 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6131 መንግሥት ለጡረታ የሚያዋጣው፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 የውሎ አበል። የሚቀጥለውን ዓመት በጀት አቅርቡ የሚለው ጥሪ ሲደርሰን የማናልፈው የገንዘብ ጣሪያም አብሮ ይመጣል። ከጣሪያው ላይ መጀመሪያ 6111ን እናነሳለን፤ ሰው ተቀጥሯል፣ አይነካም። ከዚያ 6131፤ አሥራ አንድ በመቶው በሕግ የተቆረጠ ነው። ውዝፍ ዕዳ ካለ እሱ ይነሳል። ያን ጊዜ ሁሉም የክፍል ኃላፊ እርሳሱን አሹሎ ሲጠብቅ የነበረው ቀሪ ገንዘብ ብቅ ይላል፤ የሚያሳዝን ነው። ሥራ ማስኬጃ የምንለው እሱ ነው። ጠመኔውም፣ ጓንቱም፣ የላቦራቶሪ ኬሚካሉም፣ የሞተር ሳይክሉ ነዳጅም እዚያ ውስጥ ነው። በዓመቱ አጋማሽ ገቢ ሲያንስ የቅነሳ ደብዳቤ የሚመጣውም በእሱ ላይ ነው።

ውጤቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ብቻ ስም አልሰጣችሁትም ይሆናል። የግብርና ባለሙያው ደመወዙ በወሩ ይገባለታል፤ ሞተሩ ግን ነዳጅ የለውምና ገበሬ ጋ ሳይወርድ ወር ይሞላል። ነርሷ አለች፣ ጓንት የለም። ተቆጣጣሪው አለ፣ የሚቆጣጠርበት መኪና ጎማው አልቋል። ከዚያ ጋዜጣው «የመንግሥት ሠራተኛ አይሠራም» ብሎ ይጽፋል። በምን ይሥራ? ሥራውን የሚያሠራውን ገንዘብ በየዓመቱ ቀንሰን ቀንሰን ሠራተኛውን ብቻ አስቀርተናል እኮ። በሰኔ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ «የለም» ሲባል የከረመ ገንዘብ ከሰኔ 30 በፊት ካልወጣ ወደ ግምጃ ቤት ሊመለስ ነው። ያን ጊዜ ፕሮፎርማ ይሯሯጣል፣ ለአንድ ማተሚያ ማሽን የሦስት ዓመት ቀለም ይገዛል፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ነዳጅ ይለመናል። ዓመታዊ ውሳኔ ነፃነት ነው የሚሉ ሰዎች አንድ ሰኔ በፋይናንስ ክፍል ቢያሳልፉ ደስ ይለኝ ነበር።

ዕዳችንስ? ከመኖሪያዬ ራቅ ሳልል የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያ አለ። በ2006 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ገንዘቡ በከፊል ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተበደርነው ነው። ከዚህ መንገድ ተነስታችሁ ወደ ብሎኮቻችን ስትገቡ ውስጥ ለውስጥ ያለው መንገድ ክረምት ላይ ባጃጅ ይውጣል። ነዋሪው በየስብሰባው «ያንን ሠርታችሁ ይኼን እንዴት ያቅታችኋል?» ይላል። የብድር ውል የተፈረመበት ነገር ቀን ቆጥሮ ይጠይቃል፤ የሠፈር ኮብልስቶን ግን ማንንም አይከስም። እርግጥ ነው፣ ግዴታም ገደብ አለው። መንግሥታችን በ2007 ዓ.ም. በ6.625 በመቶ ወለድ የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱን ሳይከፍል ቀረ። አሜሪካ የምትበደረው በራሷ ገንዘብ ነው፤ እኛ በሰው ገንዘብ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በሃምሳ ሰባት ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ቀናት ከመቶ ብር አለፈ። በዚያው የውጭ ዕዳችን በብር ሲሰላ አበጠ፤ ምክር ቤት ውስጥ ለዚያ እጁን ያወጣ ሰው የለም። በ2017 በ971 ቢሊዮኑ በጀት ላይ 582 ቢሊዮን ገደማ ተጨማሪ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ደነገጠ። እኔ የደነገጥኩት ተጨማሪው እስኪመጣ ድረስ በቆየው ጊዜ ነው።

አሁን ወደ እህቴ ጥያቄ ልመለስ፤ ምን ለያየን? በወረቀት እኔና እሷ ተመሳሳይ ነን። እኔም ሰባት በመቶ እየተቆረጠብኝ፣ መሥሪያ ቤቴ አሥራ አንድ በመቶ እየጨመረ አዋጥቻለሁ። ጡረታዬ በ2014ቱ አዋጅ ቁጥር 1267 የታወቀ መብት ነው፤ በየወሩም ይገባል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የአሜሪካ ጡረታ ከዋጋ ንረት ጋር በሕግ ታስሯል፤ ገበያው ሲወደድ ማንም ሳይጠይቅ ይጨምራል። ለ2023 8.7 በመቶ ጨመረ፤ ለ2026 2.8 በመቶ። የእህቴ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የገንዘቧ ጉልበትም አስገዳጅ ነው። የእኔ ቁጥሩ አስገዳጅ ነው፤ ጉልበቱ ግን በየጊዜው በውሳኔ የሚመደብ ነው። መንግሥት «ማስተካከያ ይደረግ» ሲል ይስተካከላል፤ ዝም ሲል ጤፉ ይስተካከልበታል። ደመወዝም እንዲሁ ነው። በመስከረም 2018 ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ሲል ደስ ብሎናል፤ ግን የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ የሚናገር ሕግ የለም። 6111 አይቆረጥም ብያችኋለሁ። በአዋጅ አይቆረጥም፤ በገበያ ነው የሚቆረጠው፤ ያም ዝምታ ነው።

ስለዚህ አቋሜን ልናገር። የጡረታ ማስተካከያ በሕግ ከዋጋ ንረት ጋር ይታሰር። ሙሉ በሙሉ ባይሆን በግማሹ፤ ጣሪያም ይኑረው፤ ግን ቀኑ ይታወቅ። ጥገናም ይታሰር። ይህን ማድረግ አናውቅበትም የሚል ካለ የመንገድ ፈንድን ይመልከት፤ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደኅንነት እንዲውል ተደርጓል። መንገድ ጥገና ማንም ሪባን የማይቆርጥለት ሥራ ስለሆነ ከዓመታዊው ሽሚያ ወጥቶ ራሱን ችሎ እንዲቆም ያሰበ ሰው ነበረ ማለት ነው። የጤና ጣቢያ የውሃ ፓምፕም ሪባን የለውም።

ይህን ለቀድሞ ባልደረባዬ፣ አሁንም በሥራ ላይ ላለችው፣ ነገርኳት። አልተስማማችም። «አንቺ ጡረተኛ ስለሆንሽ ጡረታ ይታሰር ትያለሽ። የታሰረው ሁሉ የሚወጣው ከእኔ 6217 ላይ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የታክስ ገቢያችን ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት አሥር በመቶ እንኳን አይሞላም። በዚህ ላይ ብዙ ነገር ካሰርን፣ አሜሪካኖቹ ስልሳ ዓመት የፈጀባቸውን እኛ በአምስት ዓመት እንደርስበትና ምክር ቤቱ ለወለድና ለጡረታ ማኅተም መምቻ ይሆናል። «መጀመሪያ ገቢው ያድግ፣ ከዚያ እሰሪው» አለች። እኔ ደግሞ ገቢው አድጎ አይቻለሁ፤ ያደገው ሁሉ የሄደው ሕግ ወይም ውል ወዳለው ነው፤ ነዳጅ ወዳለቀበት ሞተር ሲሄድ አላየሁም። ቅድሚያ ይታሰር፣ ከዚያ ከሚመጣው ጭማሪ ላይ ይከፈል። «ገቢውስ ከማን ነው የሚያድገው? ተጨማሪ እሴት ታክስ ከሆነ በታሰረልሽ ጡረታ አንቺው ነሽ የምትከፍይው» ብላ ሳቀችብኝ። አሥራ አምስት በመቶውን በጡረታዬ ላይ አስልቼ ልኬላታለሁ፤ ባሰላሁት መሠረት በግማሽ ንረት ብቻ የታሰረ ጡረታ እንኳን አሁን ካለው ይሻላል። ስሌቱን አይታ የገበያውን ዋጋ ዝቅ አድርገሽ ወስደሻል የሚል መልስ ጽፋልኛለች፤ የሽንኩርቱን ዋጋ ከቅዳሜ ገበያ አጣርቼ እንደገና እልክላታለሁ።